ኤረር ባር ምንድን ነው? “ተነካኩ” የሚለው ፍርድስ ከየት መጣ?

“ኤረር ባሮቹ ስለተነካኩ በሁለቱ ዝርያዎች መካከል ልዩነት የለም።” ይህን ዓረፍተ ነገር በቴሲስ ውስጥ አየዋለሁ። በዲፌንስ ስላይድ ላይ አየዋለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ለተማሪዎች ምክር ሲሰጡ፣ “ባሮቹ ከተነካኩ ልዩነት የለም፣ ካልተነካኩ አለ፣ ከዚህ በላይ መጨነቅ አያስፈልግም” ብለው ጻፉ። ብዙ ተማሪ አመሰገናቸው። ሀዋሳ ውስጥ የተመራማሪዎችን ዳታና ግራፍ ማገዝ ሥራዬ ስለሆነ፣ ያ ምክር ነገ ተመልሶ እኔው ጠረጴዛ ላይ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ኤረር ባር ከአማካዩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሰመረው ቀጭን መስመር ነው። ይህን ማንም ያውቃል። ችግሩ መስመሩ የምን መስመር እንደሆነ አለመጻፉ ነው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ሊሆን ይችላል። ስታንዳርድ ኤረር ሊሆን ይችላል። 95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫልም (እውነተኛው አማካይ የሚገኝበትን ክልል የሚገምት) ሊሆን ይችላል። ሦስቱ በጣም ይለያያሉ።

አንድ የቦሎቄ ዝርያ በ4 ፕሎት (የሙከራ ቁራሽ መሬት) ተዘራ እንበል። አማካይ ምርቱ በሄክታር 22 ኩንታል፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 4 ኩንታል ነው። ስታንዳርድ ኤረሩን ለማግኘት 4ን ለፕሎቶቹ ቁጥር ስኩዌር ሩት እናካፍላለን፤ 2 ይሆናል። ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ደግሞ ያንን 2 በ3.18 (ለ4 ፕሎት ከስታቲስቲክስ ሰንጠረዥ የሚወሰድ ቁጥር) አባዝቶ፣ ከአማካዩ ወደ ላይም ወደ ታችም 6.4 ገደማ ይሄዳል። ዳታው አንድ ነው፣ ግራፉ አንድ ነው። መስመሩ ግን 2፣ 4 ወይም 6.4 ሊሆን ይችላል። እንግዲህ አስተያየት ሰጪውን ልጠይቃቸው፦ የትኛው ሲነካካ ነው ልዩነት የሌለው?

ልዩነቱን ለማስረዳት ከሀዋሳ ሻሸመኔ በሚኒባስ የሚመላለስ ሰው አስቡ። አንድ ቀን ቶሎ ይደርሳል፣ አንድ ቀን ይዘገያል። ይህ የዕለት ከዕለት መለዋወጥ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው። ሰውየው ዓመት ሙሉ ቢመላለስም መለዋወጡ አይጠፋም፤ መንገዱ ያው ነው፣ ረዳቱም ወንበር እስኪሞላ ይጠብቃል። በብዙ ጉዞ የሚሻሻለው አማካዩን በምን ያህል እርግጠኝነት እንደሚያውቀው ነው። ስታንዳርድ ኤረር የሚለካው ይህንን ነው። የጉዞው ቁጥር አራት እጥፍ ሲሆን በግማሽ ይቀንሳል። ሥራ እንዳይረፍድበት ስንት ሰዓት ከቤት መውጣት እንዳለበት የሚያስብ ሰው መለዋወጡን ማወቅ አለበት። ከሚኒባስና ከአውቶቡስ በአማካይ የቱ ይፈጥናል የሚል ደግሞ የሚያስፈልገው ስታንዳርድ ኤረሩ ነው።

አሁን ሚኒባሱንና አውቶቡሱን በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት አስነስተን እንለካ። ዝናብ ሲጥል ሁለቱም ይዘገያሉ። መንገዱ ጭር ሲል ሁለቱም ይፈጥናሉ። ሚኒባሱ ግን በየቀኑ አምስት ደቂቃ ገደማ ይቀድማል። ለየብቻ ኤረር ባር ብንሠራላቸው፣ የዝናቡም የጭር ቀኑም ልዩነት እዚያው ስለሚገባ ሁለቱም መስመሮች ረጃጅም ሆነው ይደራረባሉ። የአምስት ደቂቃው ልዩነት ግን አንድም ቀን አልቀረም። እሱን ለማየት የየቀኑን ልዩነት አስልቶ፣ ለዚያ ልዩነት ኤረር ባር መሥራት ያስፈልጋል። የእርሻ ተመራማሪ ብሎክ የሚለው (ሁኔታቸው የተመሳሰለ የፕሎቶች ቡድን) እዚህ እንደ ቀኑ ያለ ነው። ታካሚን ከሕክምና በፊትና በኋላ የሚለካ ሰውም እንዲሁ እያንዳንዱን ታካሚ ከራሱ ጋር ነው የሚያወዳድረው። በእነዚህ ጥናቶች የሁለቱን ባሮች መነካካት አይቶ መፍረድ በፍጹም አይሠራም።

ዳታው እንዲህ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ያልተለካ ቢሆንስ? ሁለቱ ቡድኖች የማይገናኙ፣ በሳምፕል ብዛትም በመለዋወጥም የተቀራረቡ ይሁኑ። መስመሮቹ ስታንዳርድ ኤረር ከሆኑና ጫፍ ለጫፍ ከተነካኩ፣ በተለመደው የ5 በመቶ መስፈርት ልዩነቱ ሲግኒፊካንት (በአጋጣሚ ብቻ መጣ ለማለት የሚያስቸግር) አይደለም። እዚህ ላይ “ልዩነት የለም” ሲሉ “ሲግኒፊካንት ልዩነት አልታየም” ማለታቸው ከሆነ፣ የአስተያየት ሰጪው የመጀመሪያ ግማሽ ልክ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ግን ይወድቃል፤ መስመሮቹ ትንሽ ተራርቀውም ልዩነቱ ሲግኒፊካንት ላይሆን ይችላል። መስመሮቹ 95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ሲሆኑ ነገሩ ይገለበጣል። ጫፍ ለጫፍ ከተነካኩ ፒ ቫልዩው (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር ይህን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ልዩነት በአጋጣሚ የማየት ዕድል) ከ0.01 በታች ነው። በመጠኑ ተደራርበውም ሲግኒፊካንት ሊሆኑ ይችላሉ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ከሆኑ ደግሞ መነካካታቸው ስለ ቴስቱ ምንም አይናገርም፤ የሳምፕሉ ብዛት እዚያ መስመር ውስጥ የለምና። አንዱ ደንብ ሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት ሆነ። ተማሪ እንዲህ ያለ ደንብ በቃሉ ይዞ ፈታኝ ፊት እንዲቆም አልፈልግም።

ኤክሴልም ነገሩን ያባብሰዋል። ተማሪው የዝርያዎቹን አማካይ ብቻ አስገብቶ ባር ግራፍ ይሠራል። ከዚያ “ስታንዳርድ ኤረር” የሚለውን ምርጫ ይጫናል። ኤክሴል ግን ጥሬውን ዳታ አላየውም። ያየው የተሰጡትን አማካዮች ነው። ስለዚህ አማካዮቹ እርስ በርሳቸው ከሚለያዩበት አንድ ቁጥር ያወጣና ለሁሉም ባር እኩል ይለጥፈዋል። ያ ቁጥር ከየዝርያው ፕሎቶች ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በአንድ ግራፍ ላይ ኤረር ባሮች ሁሉ እኩል ርዝመት ካላቸው መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው። መፍትሔው ስታንዳርድ ኤረሩን ለየዝርያው ከጥሬው ዳታ አስልቶ “ከስተም” በሚለው በኩል ማስገባት ነው። አር በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ስሌቱን ኮዱ ውስጥ ስለሚጽፈው፣ ቢሳሳት እንኳ ስህተቱን ማየት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ባልጠየቅም። እኩል መስመር ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። ከአኖቫ (የብዙ ቡድኖችን አማካይ በአንድ ላይ ከሚያወዳድረው ቴስት) የተገኘውን የጋራ ኤረር ለሁሉም ዝርያ መጠቀም በብሎክ ሙከራ ላይ የሚመረጥ አሠራር ነው። የብሎኩን ልዩነት አውጥቶ ስለሚያስቀር ለማወዳደር ይሻላል። ብቻ ከየት እንደመጣ ይጻፍ። ዝርያዎቹ 12 ከሆኑ ደግሞ ጥንዶቹ 66 ናቸው። ምንም ልዩነት ባይኖር እንኳ በ5 በመቶ መስፈርት ሦስት ያህሉ በአጋጣሚ “ይለያያሉ”። ያንን በዓይን ማጣራት አይቻልም። የነፍሳት ቆጠራ ላይ መስመሩ ከዜሮ በታች ከወረደም ስሌቱ ለዚያ ዳታ አልተመረጠለትም ማለት ነው፤ ከዜሮ በታች የሚቆጠር ነፍሳት የለም።

ብዙ ተመራማሪ ወደ እኔ ዓይነት ባለሙያ የሚመጣው ዲፌንስ ሲደርስ ነው። “ግራፉን አሳምርልኝ” ይላል። ቀለሙን፣ ፊደሉን፣ የአክሲሱን ጽሑፍ ማስተካከል ብዙ ጊዜ አይወስድም። እኔ ግን መጀመሪያ “ይህ መስመር ምንድን ነው?” ብዬ እጠይቃለሁ። የሚያስለፋን የዚህ መልስ ነው። አንዳንዱ አያውቀውም፤ ጓደኛው ነው የሠራለት። ያኔ ወደ ጥሬው ዳታ እንመለሳለን፣ ጥሬው ዳታ ደግሞ አንዳንዴ መስክ በተያዘው ደብተር ላይ ብቻ ነው ያለው። ፕሮፖዛል ሲጻፍ ብንገናኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር። ዲዛይኑ ሲታወቅ የትኛው ኤረር ባር እንደሚሰመር ያኔውኑ ይታወቃል።

የቱን ልጠቀም ለሚለኝ መልሴ ይህ ነው። የዳታውን መለዋወጥ ማሳየት ከፈለግክ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን አድርግ። አማካዮችን ማወዳደር ከፈለግክ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል አድርግ። በየዝርያው 3 ወይም 4 ፕሎት ብቻ ካለህ ነጥቦቹን ራሳቸውን ግራፉ ላይ አስቀምጣቸው፤ አራት ነጥብ ቦታ አያጣብብም። ስታንዳርድ ኤረር የሚመረጠው መስመሩ አጭር ሆኖ ስለሚያምር ከሆነ ግን አልስማማም። ከቦሎቄው ግራፍ ሥር የሚጻፈው እንዲህ ነው፦ “አማካይ ምርት፣ ኩንታል በሄክታር። መስመሮቹ 95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ናቸው። ለእያንዳንዱ ዝርያ 4 ፕሎት።” ዝርያዎቹ ይለያያሉ ወይስ አይለያዩም የሚለውን ደግሞ ከአኖቫው ሰንጠረዥ አምጥተህ ጽሑፉ ውስጥ ከነቁጥሩ ጻፈው።