የጡት ማጥባት ምክር ሥልጠና በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ አራስን ስለ ጡት ማጥባት ሲመክሩ የኖሩት እናት፣ አማትና የልምድ አዋላጅ ናቸው። ምክሩ በሠለጠነ ባለሙያ እስከ ገጠር ደጃፍ የደረሰው ግን እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። ለአንድ ዓመት የሠለጠኑ ሁለት ሴቶች በየቀበሌው ተመደቡ፤ ቁጥራቸውም ከ30 ሺህ በላይ ሆነ። አገሪቱ ልትኮራባቸው የሚገቡ ባለሙያዎች ናቸው።

በዘርፉ መነሻ የሆነው የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት የ40 ሰዓት ሥልጠና ነው። ሠልጣኟ በአሻንጉሊትና ከካልሲ በተሠራ ጡት አስተቃቀፍን ከተለማመደች በኋላ እናቶች ዘንድ ትሄዳለች። የሕፃኑ አፍ በሰፊው መከፈቱን፣ የታች ከንፈሩ ወደ ውጭ መገልበጡን፣ አገጩ ጡቱን መንካቱን ታያለች። ከሁሉ የሚከብደው አነጋገር ነው። «በደንብ ይጠባል?» የተባለች እናት «አዎ» ብላ ዝም ትላለች፤ «እንዴት እየጠባ ነው?» ስትባል ግን ጭንቀቷን ታወጣለች። ብዙ ጊዜም የምትለው «ወተቴ አልበቃ አለው» ነው። ያን ጊዜ ባለሙያዋ ወደ ዱቄት ወተት አትቸኩልም፤ የሕፃኑን ክብደትና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሸና ታጣራለች። ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ በደንብ የሚሸናና ክብደቱ የሚጨምር ሕፃን ጡቱ በቅቶታል።

በአገራችን ሌላው ትልቅ ሥራ እንገር ነው። ቢጫው የመጀመሪያ ወተት «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ታልቦ የሚደፋበት፣ ሕፃኑም ቅቤ ወይም የስኳር ውኃ የሚቀምስበት ልማድ ነበር፤ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች መሠረት ከእናት ጡት በፊት ሌላ ነገር የቀመሱ ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ2011 ከመቶ 27 ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 8 ወረዱ። ለውጡ ከኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ የቤት ለቤት ጉብኝት ተነጥሎ አይታይም። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ የሚጠቡት ግን ከ52 ወደ 58 ከመቶ ብቻ ከፍ አሉ፤ ለዚህ አዝጋሚነት ምክንያቱ ምናልባት የእናቶች የሥራ ጫና ሳይሆን አይቀርም።

በከተማ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ለወላድ የሚሰጠው ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90 ቀናት ነው፤ ምክሩ ደግሞ ስድስት ወር ይላል። ስለዚህ መካሪዋ ለሠራተኛዋ እናት ጡቷን በእጇ እያለበች በንጹሕ ዕቃ እንድታስቀምጥና ሞግዚቷም በጡጦ ፋንታ በኩባያ እንድታጠጣ ታሳያታለች።