ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታን ሳይጀምር መከላከል

ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ የሚከሰተው ሰውነት ስኳርን ከደም ወደ ሴሎች የሚያስገባውን ኢንሱሊን የተባለ ሆርሞን በሚገባ መጠቀም ሲያቅተው፣ ቆሽትም ጉድለቱን ለማካካስ ለዓመታት አብዝቶ ሲያመርት ቆይቶ በመጨረሻ ሲዳከም ነው። ሂደቱ አዝጋሚ በመሆኑ የደም ስኳር ከጤናማው ልክ ያለፈበት፣ ነገር ግን በሽታ ለመባል ያልደረሰበት ረጅም ጊዜ አለ። በአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበር መስፈርት ጠዋት እህል ሳይቀመስ የተለካ የደም ስኳር በዴሲ ሊትር ከ100 እስከ 125 ሚሊ ግራም ከሆነ ሰውየው በዚህ ደረጃ ላይ ይገኛል፤ 126 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ ደግሞ ስኳር አለበት ይባላል። በመካከለኛው ደረጃ ሕመምም ምልክትም እምብዛም ስለማይኖር አብዛኛው ሰው ሳያውቀው ያልፈዋል።

በሽታውን መከላከል እንደሚቻል ካረጋገጡት ጥናቶች ቀዳሚው በቻይናዋ ዳቺንግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1986 በ577 ሰዎች ላይ የተጀመረው ሲሆን፣ በ2001 ደግሞ ፊንላንዳውያን ተመራማሪዎች በ522 ሰዎች ላይ ያገኙትን ተመሳሳይ ውጤት አሳተሙ። ከሁሉም የሚጠቀሰው ግን 3,234 ሰዎችን ያሳተፈውና ውጤቱ በ2002 የታተመው የአሜሪካው ጥናት ነው። በዚህ ጥናት መድኃኒት የሌለበት የማስመሰያ ኪኒን ከወሰዱት መካከል በዓመት ከ100 ሰው 11 ያህሉ በስኳር ሲያዙ፣ የደም ስኳርን የሚቀንሰው ሜትፎርሚን የተባለ መድኃኒት ከተሰጣቸው 8 ያህሉ፣ አመጋገባቸውን አስተካክለው ከተንቀሳቀሱት ደግሞ 5 ያህሉ ብቻ ተይዘዋል። ከ60 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ እንዲያውም የአኗኗር ለውጡ የበለጠ ሠርቷል፤ መድኃኒቱ ይበልጥ የረዳው በዕድሜ ወጣት የሆኑትንና በጣም የወፈሩትን ነበር።

ተሳታፊዎቹ እንዲያደርጉ የተጠየቁት ነገር ከባድ አልነበረም። ግቡ ከክብደታቸው 7 በመቶውን መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ነበር። ለ80 ኪሎ ሰው ይህ አምስት ኪሎ ተኩል ገደማ መቀነስ ማለት ነው። ክብደት ሲቀንስ በጉበትና በቆሽት ውስጥ የተከማቸው ስብ ስለሚጎድል ኢንሱሊን ሥራው ይቀልለታል፤ በእርምጃ ጊዜ ደግሞ የሚሠራ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊን እገዛ ጭምር ስኳርን ከደም ስለሚወስድ፣ ከምሳ በኋላ ትንሽ ዞር ዞር ማለት እንኳ ይጠቅማል። በእኛ ዘንድ እንቅፋቱ ሌላ ነው፤ የወፈረን ሰው «ተመችቶሃል» ብሎ የሚያመሰግን ጎረቤት፣ አምስት ኪሎ የቀነሰውን «ምነው ከሳህ፣ አመመህ እንዴ?» እያለ ያሳቅቀዋል።

ስለ ምግብ ሲነሳ በቅድሚያ መታየት ያለበት ሲኒው ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው፤ በቀን ሦስት ሲኒ ቡናና ሁለት ብርጭቆ ሻይ በሦስት በሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው ለስላሳ መጠጥ ሳይቀምስ 60 ግራም ያህል ስኳር ወስዷል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ያስቀመጠው ጣሪያ ግን 50 ግራም አካባቢ ነው። የጤፍ እንጀራና የምስር ወይም የሽሮ ወጥ ከነጭ ዱቄት ዳቦ ይልቅ አሰር ስላላቸው የተሻሉ ናቸው፤ ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። ከአንድ መሶብ ተከቦ በሚበላበት፣ ጉርሻም በሚከተልበት ቤት ማን ምን ያህል እንደበላ ስለማይታወቅ፣ «ሳህንህን ከፋፍለህ ሙላ» የሚለው የውጭ አገር ምክር ብዙም አያስኬድም፤ የራስን እንጀራ ለይቶ ማስቀረብ ይሻላል። ጾምም ቢሆን በድንችና በፓስታ፣ በዘይት በተጠበሰ ብስኩትም የሚያልፍ ከሆነ ከስኳር አያድንም።

አኗኗር ሲለወጥ በሽታው ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚመጣ ከሚያሳዩ ታሪኮች አንዱ የቤተ እስራኤላውያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ሲገቡ ስኳር በመካከላቸው ብርቅ ነበር። ብዙዎቹ ከእርሻና ከረጅም የእግር ጉዞ ወጥተው ወደ አውቶቡስ፣ ወደ ነጭ ዱቄትና ወደ ጣፋጭ መጠጥ ሲገቡ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሽታው በፍጥነት ተስፋፋ፤ ከዚህም የሚገርመው ውፍረት በሌላቸው፣ ገና በጎልማሳነት ዕድሜ ባሉ ሰዎች ላይ መታየቱ ነው። በ1998 የተመሠረተው «ጠነ ብሪኡት» የተሰኘ ድርጅት ለዚሁ ማኅበረሰብ የጤና ትምህርትን በቋንቋውና በባህሉ ሲያቀርብ ቆይቷል።

ስለዚህ «ቀጭን ነኝ፣ አይነካኝም» ማለት አያዋጣም። በገጠር ኢትዮጵያ፣ በተለይ በጎንደር አካባቢ፣ ከሲታ በሆኑ ወጣቶች ላይ የሚታየውና ከምግብ እጥረት ጋር የሚያያዘው የስኳር በሽታ ደግሞ ከዚህ የተለየ በመሆኑ፣ ክብደት ቀንሱ የሚለው ምክር ለእነርሱ ጎጂ ነው። ወላጁ ወይም ወንድሙ ስኳር ያለበት፣ የደም ግፊት ያለበት ወይም ቦርጩ የገፋ ሰው ምልክት ሳይጠብቅ ቢለካ ይመረጣል። በእርግዝና ጊዜ ስኳር የነበረባት እናት ከወለደች በኋላ ደሟ ወደ ልኩ ቢመለስም ከሌሎች ሴቶች በብዙ እጥፍ የበለጠ ስጋት ስላለባት፣ ከወለደች ከአንድ ወር እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ፣ ከዚያም ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ መመርመር ይኖርባታል።