ለሐዘንተኞች የተጻፈ ቃል

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ባለፈው ሐሙስ በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ላይ የሆነው ነገር እስካሁን ከልቤ አልወጣም። የደረስንበት ክፍል 1ኛ ተሰሎንቄ ምዕራፍ 4 ነበር፤ ጌታ ሲመጣ አማኞች ወደ እርሱ እንደሚነጠቁ የሚናገረው ክፍል። «ታላቁ መከራ» የምንለው ደግሞ ከፍጻሜው በፊት ይመጣል የሚባለው፣ ብዙዎች ሰባት ዓመት ነው የሚሉት የመከራ ጊዜ ነው። ገና ተነቦ ሳያልቅ አንዱ ወንድም «ይህ ንጥቀት ከታላቁ መከራ በፊት ነው» አለ። ሌላው «በፍጹም! ከመከራው በኋላ ነው» ብሎ ተነሣ። ዳንኤል 9 ተከፈተ፣ ማቴዎስ 24 ተከፈተ፣ ራእይ ተገለጠ። ድምፅ ከፍ እያለ ሄደ። አንዱ «አንተ ቃሉን አታምንም» አለ። ያኛውም «አንተን ሰው ነው ያስተማረህ እንጂ መንፈስ ቅዱስ አይደለም» ብሎ መለሰ። ሳይሰነባበቱ ተለያዩ።

በመካከላችን አንዲት እህት ነበረች። እናቷን ከቀበረች ገና ሁለት ወር አልሞላትም። ንባቡ ሲጀመር ቀና ብላ ትሰማ ነበር። ጭቅጭቁ ሲነሣ መጽሐፍ ቅዱሷን ዘጋች። ጥናቱን የምመራው እኔ ነኝ። ስትዘጋ አይቻታለሁ። ክርክሩን ማስቆም ሲገባኝ ግን እኔም ገባሁበት። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ተግሣጽ መጀመሪያ የሚደርሰው ለራሴ ነው።

እስቲ ያን ደብዳቤ ማን እንደተቀበለው እናስብ። ጳውሎስ በተሰሎንቄ ምኵራብ ሦስት ሰንበት ከመጻሕፍት እየጠቀሰ ነገራቸው። ሁከት ተነሣና ወንድሞች በሌሊት ወደ ቤርያ ሰደዱት። ትቷቸው የሄደው ገና በእምነት ጨቅላ የሆኑ ሰዎችን ነው። ከዚያ ከእነርሱ መካከል ሰዎች ሞቱ። ማን እንደ ሞተ አልተጻፈልንም። የቀሩት ግን ጭንቅ እንደ ያዛቸው ከመልሱ እንረዳለን። ጌታን ከሰማይ ይጠብቁ ነበር። ታዲያ ሳይመጣ የሞቱትስ? ከዚያ ቀን ሊጎድሉ ነው? ጢሞቴዎስ ወሬያቸውን ይዞ ተመለሰና እ.ኤ.አ. በ50 ገደማ ይህ ደብዳቤ ተጻፈላቸው።

ጳውሎስ ሲጀምር ምን አለ? «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች ደግሞ እንዳታዝኑ።» አታልቅሱ አላላቸውም። ተስፋ እንደሌለው ሰው አታልቅሱ ነው ያላቸው። ክፍሉ ከመጀመሪያውም ስለ ቀን መቁጠሪያ አይደለም። ለቅሶ ቤት የተላከ ደብዳቤ ነው።

ቁጥር 16 ላይ «በክርስቶስም የሞቱ አስቀድመው ይነሣሉ» ይላል። ይህቺን «አስቀድመው» የምትለዋን ቃል እዩልኝ። እነርሱ የፈሩት የሞቱባቸው ሰዎች ወደ ኋላ እንዳይቀሩ ነበር። ጳውሎስ ግን ቀዳሚዎቹ እነርሱ ናቸው አላቸው። መለከቱ ሲነፋ መጀመሪያ የሚነቃው መቃብር ነው። ከዚያ ቁጥር 17 ይመጣል፦ «እኛ ሕያዋን ሆነን የምንቀረው፥ ጌታን በአየር ለመቀበል ከእነርሱ ጋር በደመና እንነጠቃለን።»

«እንነጠቃለን» የሚለውን ስንት ጊዜ ሰብከናል! «ከእነርሱ ጋር» የሚለውንስ? እኔ በዚህ ቃል ላይ አንድም ቀን ቆሜ አላውቅም ነበር። ከማን ጋር? ከቀበርናቸው ጋር። እጃቸውን ይዘን ከሸኘናቸው ጋር። ጌታን የምንገናኘው እነርሱን ካገኘን በኋላ አብረን ነው። ልብ በሉ፣ ጳውሎስ እዚህ ላይ ሰባት ዓመት የሚል ቃል አላነሣም። የክፍሉም መደምደሚያ «እርስ በርሳችሁ በዚህ ቃል ተጽናኑ» የሚል ነው። እኛ ግን በዚህ ቃል ተካሰስን።

የጊዜው ጥያቄ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ቅዱሳት መጻሕፍትን መመርመር መልካም ነው። እኔ ራሴ ቤተ ክርስቲያን ከመከራው በፊት ትነጠቃለች ተብዬ ያደግኩ ሰው ነኝ። ዛሬም ልቤ ወደዚያ ያደላል። በራእይ 3፥10 ጌታ የፊላደልፍያን ቤተ ክርስቲያን በዓለም ሁሉ ላይ ሊመጣ ካለው የፈተና ሰዓት እንደሚጠብቃት ተናግሯል። 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥9ም እግዚአብሔር ለቍጣ አልመረጠንም ይላል። ግን እውነት እንናገር ከተባለ ማቴዎስ 24፥29–31 ይከብደኛል። እዚያ የተመረጡት የሚሰበሰቡት «ከዚያች ወራትም መከራ በኋላ» ነው። የእኛ ወገን ይህ ለእስራኤል የተነገረ ነው ብሎ ይመልሳል። መልሱ ግን ሁሉንም አያሳርፍም፣ አንዳንዴ እኔንም አያሳርፈኝም። ደግሞ «ለመቀበል» ተብሎ የተተረጎመው የግሪኩ ቃል፣ አፓንቴሲስ፣ ሙሽራውን ሊቀበሉ ለወጡት ቆነጃጅትና ጳውሎስን ሊቀበሉ ከሮም ለወጡት ወንድሞችም ተጽፏል። ከዚህ ተነሥተው ከመከራው በኋላ የሚሉት፣ ጌታን ተቀብለን አብረነው ወደ ምድር እንመለሳለን ይላሉ። ከመከራው በኋላ ነው ያለው ወንድም ሐሙስ ዕለት ይህን ሲያነሣ ዝም ብዬ መስማት ነበረብኝ። አልሰማሁትም። ለመመለስ ቸኮልኩ።

ከመከራ በፊት የሚለው ትምህርት ዛሬ በምናውቀው መልክ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1830ዎቹ ጀምሮ በሰባኪው ጆን ኔልሰን ዳርቢ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1909 በታተመው የስኮፊልድ ማብራሪያ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ በኩል ነው። ይህን የምለው ትምህርቱን ላጣጥል ብዬ አይደለም። ነገር ግን ከዚያ በፊት ይህን ሳያውቁ ስለ ጌታ ስም በእሳት የተቃጠሉ ቅዱሳን አሉ። ታዲያ ማን ደፍሮ «አንተ ቃሉን አታምንም» ይላቸዋል?

ጌታ ራሱ በማቴዎስ 24 ስለ መምጣቱ ሲናገር ስለ ሁለት ዓይነት ባሪያ ነግሮናል። ታማኙ ለቤተ ሰዎቹ ምግባቸውን በጊዜው ሲሰጥ ይገኛል። ክፉው ግን ጌታዬ ይዘገያል ብሎ ባልንጀሮቹን ይመታል። ድሮ ሳነበው ኃጢአቱ «ይዘገያል» ማለቱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። «ቶሎ ይመጣል» እያልንም ባልንጀራን መምታት ይቻላል። እኛ ያን ዕለት አደረግነው። አንዲት ነፍስ ምግቧን ፈልጋ መጥታ ሳትበላ ሄደች።

ቀን የቆረጡትማ ስንቱን አቆሰሉ። የአሜሪካዊው ሰባኪ የዊልያም ሚለር ተከታዮች ጌታ ይመጣል ብለው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1844ን ጠበቁ። አንዳንዶቹ ሰብላቸውን ሳያጭዱ ትተው ነበር። ቀኑ አለፈ፣ ብዙዎችም እንደ ሕፃን አለቀሱ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ አሜሪካዊው የሬዲዮ ሰባኪ ሃሮልድ ካምፒንግ ሜይ 21 ብሎ አወጀ። ያጠራቀሙትን ገንዘብ ለማስታወቂያ ያፈሰሱ ሰዎች ነበሩ። ካምፒንግ በማግስቱ ዓመት ጥፋቱን በደብዳቤ አመነ። ጌታ ያቺን ቀንና ሰዓት ከአባት ብቻ በቀር ማንም አያውቅም ብሎን ሳለ!

ወላጆችና የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎች ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ነገር አለኝ። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ወደ ቤት ስገባ ማንም የለም። ተጣራሁ፣ የሚመልስ ጠፋ። ሁሉም ተነጥቀው እኔ የቀረሁ መሰለኝ። እናቴ ከጓሮ እስክትመጣ ድረስ በሩ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት «ጌታ ይመጣል» ሲባል ሆዴ ይባባ ነበር። ይህን ያስተማሩኝ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ግን ለመጽናኛ የተሰጠውን ቃል ማስፈራሪያ አድርገው ሰጡኝ። እባካችሁ ለልጆች ስትነግሯቸው የሚመጣው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የሚመጣው ሕፃናትን ያቀፈው ጌታ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ያቺን እህት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። ብዙ አልተናገረችም። ክፍሉን እንደገና እንዳነብላት ጠየቀችኝ። አነበብኩላት። «ከእነርሱ ጋር» ላይ ስደርስ «እሱን ድገመው» አለችኝ። ደገምኩት። ዝም ብለን ቆየን፣ ከዚያ ጸለይን። ስለ ሰባቱ ዓመት አንዳችንም አላነሣንም።

ለሁለቱም ወንድሞች ደውያለሁ። አንደኛው እመጣለሁ ብሎኛል። ሁለተኛው ገና አልመለሰልኝም፣ ጸልዩልኝ። በፕሮግራማችን መሠረት የፊታችን ሐሙስ ምዕራፍ 5 ነበር የምንጀምረው። ነገር ግን ወደ 4፥13 እንመለሳለን። የምታነብልን እህታችን ናት።