ከኮምባይነር በፊት በቆሎ እንዴት ይፈለፈል ነበር

ዛሬ ኮምባይነር ማሳው ላይ በአንድ ጉዞ ለቅሞ፣ ፈልፍሎ፣ አበጥሮ ይጨርሳል። በአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ ግን እስከ 1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ መልቀምና መፈልፈል በወራት የተራራቁ ሁለት ሥራዎች ነበሩ። ያራራቃቸው የእጅ ማነስ ብቻ አልነበረም፤ ዋናው ነገር ፍሬው ውስጥ ያለው እርጥበት ነው። እርጥብ ፍሬ ተፈልፍሎ ሲከመር ይግላል፣ ይሻግታል። ከነቆረቆንዳው ከተቀመጠ በመካከሉ አየር ስለሚያልፍ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ጎተራው ጠባብና ረጅም፣ የግድግዳው ጣውላም ክፍተት እየተተወለት የተመታ የሆነው ለዚሁ ነው።

የጥንቱ መሣሪያ የገዛ እጅ ነው። በአውራ ጣት ከበቆሎው ራስ ላይ አንድ ሁለት መስመር ፍሬ ይለቀቃል፤ መንገዱ ከተከፈተ በኋላ የቀረው በመዳፍ ሲጠመዘዝ ወይም በባዶ ቆረቆንዳ ሲታሽ ይረግፋል። አካፋ አጋድሞ በጠርዙ ላይ የሚፍቅም ነበር። ብዛት ያለው በዱላ ይወቃል፣ በፈረስ ይበራያል። ለዘር የታሰበው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ የበቆሎው ራስ ጫፍና ግርጌ ፍሬዎች ቅርጻቸው ከመሃለኞቹ ስለሚለይና በመዝሪያው ቀዳዳ እኩል ስለማያልፉ ቀድመው በእጅ ይነሱ ነበር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእጅ የሚዘወር መፈልፈያ ተስፋፋ። በዚህ ሥራ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚደንቀኝ ብልሃት ይህ ነው። በቆሎው ባፉ ሲገባ በስፕሪንግ የተያዘ ብረት ጥርስ ወዳለው ዲስክ ይገፋዋል፤ ዲስኩ በቆሎውን እያሽከረከረ ፍሬውን ይነቅላል። ስፕሪንጉ ስለሚላላና ስለሚጠብቅ ቀጭኑም ወፍራሙም ያልፋል። ፍሬው ከታች ሣጥን ውስጥ ይወርዳል፣ ቆረቆንዳው በሌላ በኩል ተራቁቶ ይወጣል።

ቆይቶ በእንፋሎት ሞተር፣ ከዚያም በትራክተር ቺንጋ የሚዞሩ ትላልቅ መፈልፈያዎች መጡ። ብዙው ገበሬ የራሱ ስላልነበረው ባለ መሣሪያው ከእርሻ እርሻ እየዞረ በክፍያ ይፈለፍል ነበር፤ ጎረቤትም በደቦ ይሰበሰባል። ጎተራው ሥር በተዘረጋ ቦይ ውስጥ ሰንሰለት በቆሎውን ወደ ማሽኑ ይጎትታል፣ ሰዎች በመንሽ እየናዱ ያቀብሉታል። ክምሩ ሲያልቅ ከሥሩ አይጥ ይፈላል፤ ወደ እግራቸው እንዳይወጣ የሱሪያቸውን ጫፍ በገመድ ያስሩ ነበር። ፍሬው ወደ መኪና፣ ቆረቆንዳው ወደ ክምር፣ ገለባው በነፋስ ወደ ውጭ ይሄዳል።

በገበያው ልማድ ከ70 ፓውንድ ያልተፈለፈለ በቆሎ 56 ፓውንድ ፍሬ ይጠበቃል። ቀሪው አንድ አምስተኛ ቆረቆንዳ ነው፤ እሱም አይጣልም ነበር፤ ለምድጃ ማገዶ፣ ለከብት መኝታ ይሆን ነበር።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ለኮምባይነር የበቆሎ መልቀሚያ ሲገጠምለትና በሞቀ አየር የሚሠራ ማድረቂያ ሲስፋፋ፣ ፍሬው ጎተራ ገብቶ ንፋስ መጠበቁ ቀረ። ቆረቆንዳውም እዚያው ማሳው ላይ ተበትኖ ይቀር ጀመር።