ግጥም ለማሳተም ያሰበ፣ ሠዓሊ ለማሠራት የፈራ ያንብበው

ደሴ ላይ ግጥም የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። ፒያሳ ሻይ ይዘን ስንቀመጥ ግን የምናወራው ስለ ግጥሙ ሳይሆን ስለ ማሳተሚያው ብር ነው። እኔና ጓደኞቼ እስካሁን ሦስት ትናንሽ መድበሎች በኪሳችን አሳትመናል። ሥዕሎቹን የሠራችልን ኮምቦልቻ የምትኖር ሠዓሊ ናት። በዚህ ሥራ ደጋግሜ የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች አሉ። አንዳንዶቹን እኔም አምኜባቸው ነበር።

«ጥቂት ቅጂ ባሳትም ይረክስልኛል»

ጠቅላላ ወጪው ያንሳል፤ የአንዱ መጽሐፍ ዋጋ ግን ይወደዳል። በኦፍሴት፣ ማለትም ገጹ መጀመሪያ ፕሌት በሚባል ስስ የብረት ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ሲታተም፣ ፕሌት ማውጣቱና ማሽኑን ማስተካከሉ ለ200 ቅጂም ለ1,000ም ያው ነው። ለስሌት እንዲመች 40,000 ብር ነው እንበል። 200 ቅጂ ላይ ሲካፈል ለአንዱ 200 ብር ይደርሰዋል፤ 1,000 ላይ ሲካፈል 40 ብር። ወረቀቱ ገና አልተቆጠረም። ይህ ማለት ግን ዘላችሁ 1,000 አሳትሙ ማለት አይደለም። አልጋ ሥር የተከማቸ መጽሐፍ ከሁሉም ወጪ የከፋ ነው። 100 ወይም 150 ቅጂ ከሆነ ዲጂታል ማተሚያ ይሻላል። ፕሌት አያስፈልገውም፤ ሲያልቅም መድገም ይቻላል።

«አራት ገጽ ቢጨመር ምን ይመጣል?»

ብዙ ጊዜ መጽሐፍ የሚታተመው ባለ16 ገጽ እጥፍ እየሆነ ነው፤ እጥፍ የምንለው አንድ ትልቅ ወረቀት በሁለት ወገኑ ታትሞ ሲታጠፍ የሚወጣውን ክፍል ነው። 96 ገጽ ልክ ስድስት እጥፍ ይሆናል። 100 ከሆነ ለአራቷ ገጽ ብቻ ሌላ ፕሌትና ሌላ ዙር ይመጣል። ቀንሱ።

«ሥዕል ያስወድዳል፣ ይቅርብን»

የሚያስወድደው ሥዕሉ ሳይሆን ቀለሙ ነው። በጥቁር መስመር የተሠራ ሥዕል ከጽሑፉ ጋር በአንድ ፕሌት ይወጣል። ሙሉ ቀለም ሲሆን ግን ለሲያን፣ ለማጀንታ፣ ለቢጫና ለጥቁር አራት ፕሌት ይፈልጋል፤ ያውም ለወረቀቱ ለእያንዳንዱ ወገን። ባለቀለም ሥዕሎችን መጽሐፉ ውስጥ ከበተናችኋቸው ሁሉም እጥፍ ባለአራት ቀለም ይሆናል። አንድ እጥፍ ላይ ከሰበሰባችኋቸው ወጪው እዚያው ይቆማል።

ይህን ሠዓሊው ከመጀመሪያው ማወቅ አለበት። የመጀመሪያው መድበላችን ላይ ሠዓሊዋን የጠራናት ሌይአውቱ (የገጾቹ አቀማመጥ) ካለቀ በኋላ ነበር። የጦሳን ተራራ በአምስት ዓይነት አረንጓዴ ሣለችው። ብር ስላለቀብን በጥቁርና ነጭ አሳተምነው። አረንጓዴዎቹ ሁሉ አንድ ግራጫ ሆኑ። መጽሐፉን ስትገልጥ ያየሁትን ፊቷን እስካሁን አልረሳሁትም። ሁለተኛው ላይ ግጥሞቹ ገና ሳይታረሙ ሰጠናት። በብዕርና በጥቁር ቀለም ብቻ ሠራችው። ለሥዕሎቹ ሲባል አንድም ተጨማሪ ፕሌት አልወጣም። ጦሳም ጦሳን መሰለ።

«ሥዕሉን በቴሌግራም ላኪልኝ»

በፎቶ መልክ ከተላከ ይጨመቃል። በፋይል ይላክ። ለኤ5 (የኤ4 ግማሽ) ሽፋን በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ወደ 1,748 በ2,480 ፒክስል ያስፈልጋል፤ በየጠርዙ ደግሞ የሚቆረጥ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይጨመርበት። ስልክ ላይ ያበራው ቀለም ወረቀት ላይ ይደበዝዛልና ሁሉም ከመታተሙ በፊት አንድ ናሙና አውጥታችሁ እዩ።

«ጓደኛችን ናት፣ በምስጋና ትሠራለች»

ይሄኛው በጣም ያሳዝነኛል። ወረቀት ሻጩን በምስጋና አንሸኘውም። ማተሚያ ቤቱም ቀብድ ካልያዘ አይጀምርም። ሳምንታት ጎንበስ ብላ የሣለችውን ለምን በምርቃት እንሸኛታለን? ብር ከሌለ እንደሌለ መንገር ይቻላል። የሽያጭ ድርሻ ወይም የተወሰነ ቅጂ ልትቀበል ትችላለች። ግን ይጻፍ። ቀብዱ ስንት ነው? ስንት ጊዜ ይታረማል? ዋናው ሥዕል የማን ነው? ቲሸርት ላይስ ይታተማል? የኮፒራይትና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራው አመንጪ ስሙ እንዲጠቀስለት መብት ይሰጠዋል። ኢኮኖሚያዊ መብት ሲተላለፍም በጽሑፍ መሆን አለበት ይላል። የአፍ ቃል ወዳጅነትንም አያቆይም።

«ከማተሚያ ቤት ከወጣ ወጪው አበቃ»

መጽሐፍ ሻጩ ከሽፋን ዋጋው ድርሻውን ይወስዳል። አዲስ አበባ ካሳተማችሁ 400 ኪሎ ሜትር ያህል የጭነት ሒሳብ አለ። ለምረቃ በነፃ የሚሰጠው ቅጂም ወጪ ነው። ሽፋኑ ላይ ዋጋ ከማስጻፋችሁ በፊት ይህን ሁሉ ደምሩ፤ የሠዓሊውን ክፍያ ደግሞ የመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፉት። ሦስተኛውን መድበል ስናቅድ እኛ እንዲያ አደረግን። የእሷን ከፍለን የቀረውን ብር አየንና መጽሐፉን ከ112 ገጽ ወደ 96 አወረድነው።