የኋልዮሽ ማስተማር ምንድን ነው? ሕፃናት ለበረዶ ጨዋታ ራሳቸውን ችለው እንዲለብሱ

የኋልዮሽ ማስተማር ማለት ብዙ ደረጃዎች ያሉትን ሥራ ለልጅ ሲያስተምሩ ከመጀመሪያው ሳይሆን ከመጨረሻው ደረጃ መነሣት ነው። አዋቂው ሥራውን ከሥር ጀምሮ እያከናወነ ይመጣና አንዲት እርምጃ ብቻ ስትቀር እጁን ይሰበስባል፤ ያችን እርምጃ ልጁ ይፈጽማታል። ልጁ እሷን ያለ እርዳታ መሥራት ሲችል አዋቂው አንድ ደረጃ ቀደም ብሎ ያቆማል፤ እንዲህ እያለ ሥራው ሁሉ በልጁ እጅ እስኪገባ ድረስ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሐሳቡ የመነጨው ከባህርይ ሥነ ልቦና ሲሆን፣ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያዎች (ሰዎች የዕለት ተዕለት ሥራቸውን ራሳቸውን ችለው እንዲሠሩ የሚያግዙ የጤና ባለሙያዎች) እንዲህ ያሉ ክህሎቶችን ለማስተማር በሰፊው ይጠቀሙበታል። ሕፃናት በብርድ ወራት ወደ ውጭ ለመውጣት ልብስ ላይ ልብስ መደረብ ሲኖርባቸው ደግሞ ጥቅሙ ጎልቶ ይታያል።

ብዙ ጊዜ የምናደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። ልጁ ጃኬቱን አንሥቶ ይታገላል፤ አንዱን እጁን ያስገባል፤ ሌላውን እጅጌ ፍለጋ በራሱ ዙሪያ ይሽከረከራል። በሩ ላይ የቆመው አዋቂ ጥቂት ይታገሥና «በል ና፣ እኔ ልዝጋልህ» ብሎ ይጨርስለታል። ይህ ከርኅራኄም ከጥድፊያም የሚመጣ ነው፤ ነገር ግን ልጁ በየቀኑ የሚለማመደው መጀመርን፣ መቸገርንና ማስረከብን እንጂ መጨረስን አይደለም። የኋልዮሽ አካሄድ ልፋቱን የአዋቂው፣ ፍጻሜውን የልጁ ያደርገዋል። ልጁ የሠራት ነገር ትንሽ ብትሆንም ወዲያው ልብሱ ይዘጋል፣ በሩ ይከፈታል፣ በረዶው ላይ ይወጣል። ለትንሽ ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ሽልማት ስለማይኖር ከረሜላም ሆነ የበዛ ሙገሳ አያስፈልግም።

ይህን በደንብ ለማየት ዚፕን ያህል ምሳሌ የለም፤ ለትንሽ ጣት ከሚያስቸግሩት ነገሮች ግንባር ቀደሙ እሱ ነውና። የጃኬቱን ሁለት ጠርዞች ታች ላይ ማገናኘት፣ የአንዱን ጫፍ በሌላው ግርጌ ባለው ማቀፊያ ውስጥ እስከ መጨረሻው መክተት፣ በአንድ እጅ ግርጌውን ወጥሮ መያዝና በሌላው መጎተቻውን ወደ ላይ መሳብ ያስፈልጋል። ከባዱ መክተቱ ነው፤ ሁለቱ እጆች በአንድ ጊዜ የተለያየ ሥራ መሥራት አለባቸው፣ ብዙ ልጆችም ይህን በሚገባ የሚችሉት አራትና አምስት ዓመት ከሞላቸው በኋላ ነው። የተያያዘን ዚፕ ወደ ላይ መሳብ ግን የሦስት ዓመት ልጅ የሚችለው ሥራ ነው። ስለዚህ አዋቂው ከትቶ እስከ ደረት ድረስ ይስብና የቀረውን ይተውለታል፤ ልጁም ቆዳው እንዳይያዝ አገጩን ቀና አድርጎ ይጨርሳል። ይህ ሲለመድ ከሆድ፣ ቀጥሎ ከግርጌ እንዲጀምር ይደረጋል፤ ከዚያ ወጥሮ መያዙን ይረከባል፤ መክተቱ ሁሉን ተከትሎ ይመጣል። መጎተቻው ላይ ትንሽ ቀለበት ማሰር ለጣት ጥሩ መያዣ ይሆናል። አዋቂው ከፊት ለፊት ሳይሆን ከልጁ ኋላ ተንበርክኮ ቢያግዝ ደግሞ የሁለቱም እጆች በአንድ አቅጣጫ ስለሚንቀሳቀሱ ልጁ የሚያየውን በቀላሉ ይደግመዋል።

ሌላውም ልብስ በዚሁ መንገድ ይሄዳል። የበረዶ ሱሪው እስከ ጉልበት ከተሳበለት ልጁ እስከ ወገቡ ያደርሰዋል፤ ቦት ጫማው ውስጥ እግሩ ግማሽ ድረስ ከገባለት ተረከዙን መሬት ላይ ረግጦ ያስገባዋል። ለጃኬት የሚመች አንድ ዘዴም አለ፦ ጃኬቱ ውስጡ ወደ ላይ ሆኖ ወለል ላይ ይዘረጋል፤ ልጁ ኮሌታው እግሩ ሥር እንዲሆን አድርጎ ይቆማል፤ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን እጆቹን እጅጌዎቹ ውስጥ ይከትና በአናቱ ላይ ወደ ኋላ ይገለብጠዋል። እዚህም መዘርጋቱንና እጅ ማስገባቱን አዋቂው ይሠራል፤ ልጆች እጅግ የሚወዱት መገልበጡ ለልጁ ይቀራል።

የአለባበሱ ቅደም ተከተል ካልተስተካከለ ግን ዘዴው ብቻውን አይረዳም። ሱሪው መጀመሪያ፣ ቦት ጫማው ቀጥሎ፣ ከዚያ ጃኬቱና ኮፍያው፣ ጓንቱ መጨረሻ ይሁን፤ ጓንት ያጠለቀ እጅ ዚፕ አይዝም፣ ጃኬት የለበሰ ልጅም ወደ እግሩ ጎንበስ ማለት ይከብደዋል። ለትንንሾች አውራ ጣትን ብቻ የሚለየው ጓንት ይሻላል፤ ለማጥለቅ ይቀላል፣ ጣቶቹም አንድ ላይ ስለሚሆኑ ሙቀት ይጋራሉ። ረጅም የአንገት ልብስና በጃኬት ኮፍያ ላይ የሚንጠለጠል ገመድ በመጫወቻ ዕቃዎች ላይ ተጠላልፈው አንገት ሊያንቁ ስለሚችሉ፣ በአናት የሚጠለቅ አጭር የአንገት ማሞቂያ ይመረጣል።

ልጆች ከመልበስ በፊት ማውለቅን ስለሚለምዱ፣ ከጨዋታ ሲመለሱ ያለውን ጊዜ መናቅ አይገባም። ተረከዙ የተላቀቀለትን ቦት ጫማ መጎተት፣ የተከፈተ ጃኬት ከትከሻ መጣል፣ ያው የመጨረሻ እርምጃ ነው፤ የሚያጣድፍ ነገርም የለም። ጠዋት ጊዜ ሲያጥር ወይም ልጁ ሲደክምና ሲነጫነጭ ደግሞ ከደረሰበት ደረጃ አንድ ወይም ሁለት ወደ ፊት ማለፍ፣ ማለትም የበለጠውን ሠርቶለት ትንሿን መጨረሻ ብቻ መተው ይበቃል።