መጽሐፍ ቅዱስን አዘውትሮ ማንበብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እዚህ ጅማ ከማውቃቸው አማኞች መካከል መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ የማይፈልግ አላጋጠመኝም። ጀምሮ የተወው ግን ብዙ ነው። «ስንፍና ነው» ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ብዙዎቻችንን ያስቆመን ስንጀምር ይዘነው የተነሳነው ሐሳብ ነው።

«ከዘፍጥረት ጀምሮ በተራ ካልተነበበ አይሆንም»

የእኔን መጽሐፍ ቅዱስ ዘግታችሁ በጎን ብታዩት፣ መጀመሪያ ላይ ያሉት ገጾች ጠርዛቸው በጣት ብዛት ጠቁሯል። ከዘጸአት አጋማሽ በኋላ ለዓመታት ነጭ እንደሆነ ቆየ። ዘፍጥረት ታሪክ ስለሆነ ይዞ ይሄዳል። ከዘጸአት 25 ጀምሮ ግን የማደሪያው ድንኳን ልክ ይመጣል፤ ይህን ያህል ክንድ ርዝመት፣ ይህን ያህል ወርድ። ቀጥሎ የዘሌዋውያን 27 ምዕራፎች አሉ። ለጀማሪ ዳገት ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ የመጻሕፍት ስብስብ ነው። በፕሮቴስታንቶች ዘንድ 66፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ 81። ከፈለጋችሁት መጀመር ትችላላችሁ። የማርቆስ ወንጌል 16 ምዕራፍ ብቻ ነው። በቀን አንድ አንድ ብትሉ በ16 ቀን ያልቃል። አንድ መጽሐፍ ጨርሶ መዝጋት ደግሞ እንዴት እንደሚያበረታ የሞከረው ያውቀዋል። ዘሌዋውያንም ጊዜው ሲደርስ ይነበባል።

«ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ፣ አንድ ሰዓት ካልተቀመጥኩ…»

ለሚችል ሰው ማለዳ ግሩም ነው። ልጅ ለትምህርት ቤት የምታደርስ እናት ግን አትችልም። ልማድ የሚጸናው ድሮም ከምናደርገው ነገር ጋር ሲታሰር ነው። በጅማ ቤት ደግሞ ቡና የማይፈላበት ቀን የለም። ጎረቤቴ መጽሐፏን ከረከቦቱ አጠገብ ነው የምታስቀምጠው። ልጇ ቡናውን ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ጀበናውን ስትጥድ እሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች። አቦል ሲቀዳ አንድ ምዕራፍ አልቋል። በቶናው ስለ ምዕራፉ ይጨዋወታሉ። መብራት ቢጠፋ እንኳ ከሰሉ አጠገብ በስልኳ ታነባለች። (በስልክ ማንበብ ንባብ አይደለም የሚሉ አሉ። ቃሉ ያው ቃል ነው፤ ዳታውን ማጥፋት ብቻ አትርሱ።)

«የንባብ ዕቅድ የዘመኑ ፋሽን ነው»

አይደለም። አባቶችና እናቶቻችን ዳዊትን በዕለት ከፍለው ሲደግሙ ኖረዋል፤ የሰኞው ከመዝሙር 1 እስከ 30 ነው።

«ጥቂት ቀን ካመለጠኝ ተበላሸ»

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። 66ቱ መጻሕፍት 1,189 ምዕራፍ አላቸው። በዓመት ለመጨረስ በቀን ከሦስት በላይ ማንበብ ይጠይቃል። አንድ ሳምንት ታመው ቢተኙ ከ20 በላይ ምዕራፍ ይጠራቀማል። ያን ጊዜ መጽሐፉን ማየት ራሱ ያስፈራል። ግን እኮ ይህ ዕቁብ አይደለም፤ ውዝፍ የለበትም። ያለፈውን ተዉትና የዛሬውን ግለጡ። በዓመት ያላለቀው በሁለት ዓመት ቢያልቅ ምን ችግር አለው?

«በአማርኛ ካልሆነ አይከብርም»

ከተማችን ውስጥ በአፋን ኦሮሞ አስቦ በአማርኛ ለማንበብ የሚታገል ሰው አለ። ኦነሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ እገዛ የተረጎመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው በ1899 እ.ኤ.አ. ነው። በልባችሁ ቋንቋ አንብቡ።

«ካልገባኝ ምን ዋጋ አለው?»

የሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው፣ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ብሎ መለሰ። ይህን ክፍል ሳነብ ሁሌ ልቤ ይነካል። አልገባውም፤ ማንበቡን ግን አላቆመም። ፊልጶስ የደረሰውም መጽሐፉ ተገልጦ ሳለ ነው።

እኔ እርሳስ ይዤ ነው የማነበው። ያልገባኝ ጥቅስ አጠገብ የጥያቄ ምልክት አደርጋለሁ፤ እሁድ ከጸሎት በኋላ የሚያውቅ ሰው እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ምልክት በሳምንቱ ተሰርዟል። ኢዮብ ላይ ያደረግኳቸው ሦስቱ ግን እስካሁን አሉ።